ስሙ የጠፋ ጥሩምባ እንዴት ይታወቃል?

መጀመሪያ አትወልውሉት።

ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። ከአያት የተረፈ የናስ ዕቃ ከቁም ሣጥን ጀርባ ሲገኝ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ሎሚና አመድ ነው። ለሙቀጫ ወይም ለሻማ መቅረዝ ደግ ነገር ነው። ጥሩምባ ግን ሌላ ነው። የሠሪው ስም የሚቀረጽበት በጣም በስሱ ስለሆነ እያንዳንዱ ውልወላ ከፊደሉ ላይ ጥቂት ይወስዳል። ለሰልፍ በወጣ ቁጥር ሲወለወል ዕድሜውን የፈጀ የማርሽ ባንድ ጥሩምባ ስም አልባ የሆነው ሠሪው ስላልጻፈበት ላይሆን ይችላል፤ ስሙ በጨርቅ ተጠርጎ ሄዶ ይሆናል። የቀረው የፊደል ጥላ ብቻ ከሆነ ደግሞ ያንን ጥላ የሚያጠፋው የእኛ የዛሬው ሎሚ ነው።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ አንድ ጥሩምባ በማዳበሪያ ጠቅልላ አመጣችልኝ። አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በወጣትነታቸው ማርሽ ባንድ ውስጥ ይነፉ ነበር። ቆራሌው በኪሎ ሊወስደው ተስማምቶ ሚዛኑን ሲያወጣ ልቧ እምቢ አላት። «ትራምፔት ነው? የማን አገር ሥራ ነው? ዘመዶቻችን የምኒልክ ጊዜ ነው ይላሉ፤ እስቲ አንተ እየው» አለችኝ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠረግንና ጋዜጣ አነጠፍን። ያስፈለገን ሲባጎ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ማግኔት፣ የእጅ ባትሪ፣ ስስ ወረቀት፣ እርሳስና ስልክ ብቻ ነበር።

ጥያቄዎቿን በቅደም ተከተል መያዝ ያስፈልጋል። «ምንድን ነው?» የሚለው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መልስ አለው። «ማን ሠራው?» የሚለው አንዳንዴ ይመለሳል። «የማን ነበር?» የሚለውን ግን ብረቱ አይናገርም። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምርና መጀመሪያው ላይ ሳይደርስ ይቀራል።

የዚህ ቤተሰብ መሣሪያ መለያው ናስ መሆኑ አይደለም፤ ከንፈር ነው። ሳክስፎን ከናስ ይሠራል፤ ግን ድምፁን የሚያነሣው በአፉ ላይ የታሰረ የሸምበቆ ስንጣቂ ስለሆነ ከዚህ ወገን አይቆጠርም። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ቱባ የምንላቸው ግን የነፊው ከንፈር ራሱ ማውዝፒስ በሚባለው ጽዋ መሰል አፍ ላይ እየተርገበገበ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር የሚያናውጥባቸው ናቸው። አየሩ ረጅም ሲሆን ድምፁ ይወፍራል፣ አጭር ሲሆን ይቀጥናል። ስለዚህ የማንነቱ ዋና ምስክር የቱቦው ርዝመት ነው፤ ርዝመት ደግሞ በምንም ውልወላ አይጠፋም።

ሲባጎው የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ከማውዝፒሱ መግቢያ ጀምሮ ቱቦውን እየተከተላችሁ፣ ቫልቮቹ ሳይጫኑ ትንፋሹ በሚያልፍበት መንገድ፣ እስከ ሰፊው አፍ ጫፍ ድረስ ሲባጎውን አስኪዱት። በጥምዝማዛው ላይ ውጪውን ጠርዝ ብትከተሉ ይበልጥባችኋል፣ ውስጡን ብትከተሉ ያንስባችኋል፤ መካከሉን ያዙ። ከዚያ ሲባጎውን ዘርግታችሁ ለኩ። ወደ 1.4 ሜትር ከሆነ የትራምፔት፣ የኮርኔት ወይም የፍሉግልሆርን ወገን ነው፤ ቅኝቱ ቢ ፍላት። ወደ 2 ሜትር ከሆነ ኢ ፍላት አልቶ። ወደ 2.7 ሜትር ከሆነ ትሮምቦን፣ ቴነር፣ ባሪቶን ወይም ዩፎኒየም፤ እንደገና ቢ ፍላት፣ ከትራምፔቱ ግን አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ። ወደ 4 ሜትር ሲደርስ ኢ ፍላት ቱባ፣ 5.5 ሜትር ገደማ ሲሆን ትልቁ የቢ ፍላት ቱባ ነው። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ስለሆነ በአንድ ስንዝር ብትሳሳቱም የምትደርሱበት ያው ነው።

የጎረቤቴ ጥሩምባ 2.7 ሜትር ሆነ። ትራምፔት አለመሆኑ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ታወቀ።

ጆሮም ይመሰክራል። መንፋት የሚችል ሰው ካለ ማውዝፒሱን በሳሙና ካጠባችሁ በኋላ ምንም ቫልቭ ሳይጫን ከታች ወደ ላይ ይንፋበት፤ ስልክ ላይ ያለ የቅኝት መተግበሪያ የድምፆቹን ስም ይነግራችኋል። ቱቦ በተፈጥሮው የሚሰጠው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው፤ ቢ ፍላት፣ ኤፍ፣ እንደገና ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኤፍ። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ከንፈር ብቻውን አይሞላውም። ይህን እምቢልታ ነፊዎቻችን ከጥንት ያውቁታል፤ አንዱ እምቢልታ ያለው አንድ ሁለት ድምፅ ስለሆነ ሦስት ነፊዎች እየተቀባበሉ ነው ዜማውን የሚሞሉት። አውሮፓውያን ለዚያው ችግር የፈለጉት መፍትሔ ሌላ ነበር፤ ሦስቱን እምቢልታ በአንድ ሰው እጅ ውስጥ ማስገባት። ያ መፍትሔ ቫልቭ ይባላል።

ቫልቭ ሲጫን ትንፋሹ ተጨማሪ ቱቦ ዞሮ እንዲያልፍ ይገደዳል። ሁለተኛው ቫልቭ ርዝመቱን በመቶ 6 ያህል ይጨምርና ድምፁን በግማሽ ቶን ያወርዳል፤ የመጀመሪያው በመቶ 12 ገደማ፣ አንድ ቶን፤ ሦስተኛው በመቶ 19 ገደማ፣ አንድ ቶን ተኩል። በዚህ ምክንያት ከሦስቱ ዙሮች የመካከለኛው ሁልጊዜ አጭሩ፣ የሦስተኛው ረጅሙ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ተዛብቶ ካያችሁት አንድ ሰው ክፍሎቹን አቀያይሮ በይዶታል ማለት ሊሆን ይችላል።

ቫልቩ ለዘመን መገመቻም ዋናው ነገር ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ልስጠው። (ከዚህ በታች ያሉት የአውሮፓ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ሃይንሪሽ ሽቶልዝልና ፍሪድሪሽ ብሉሜል የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ለቫልቭ በፕሩሲያ የፈጠራ መብት ያገኙት በ1818 ነው። የሽቶልዝል ፒስተን ቀጭንና ረጅም ሲሆን መለያው ግልጽ ነው፤ የቱቦው መንገድ ከፒስተኑ ቤት ታች፣ ከቂጡ በኩል ይወጣል። እንዲህ ያለ ኮርኔት ከእጃችሁ ከገባ አያያዛችሁን አሳምሩ። በ1839 ፓሪስ ውስጥ ፍራንስዋ ፔሪኔ ያሻሻለው ፒስተን ደግሞ ዛሬም ባለ ፒስተን ትራምፔት ሁሉ የሚሠራበት ነው፤ የታችኛው ክዳኑ ዝግ ሆኖ ቱቦዎቹ በጎን ይገቡና ይወጣሉ። ስለዚህ የፔሪኔ ፒስተን ማየት ብቻውን ዕድሜ አይነግራችሁም። አጭርና ወፍራም ቆርቆሮ የሚመስል ፒስተን ካያችሁ በርሊኖች የለመዱት ዓይነት ነው። ከሁሉ የሚለየው ግን ወደ ታች የማይወርደው፣ የሚዞረው ቫልቭ ነው። በ1835 ቪየና ውስጥ ዮሴፍ ሪድል መብት ያስመዘገበለት ሮታሪ ነው። እንደ ውኃ ቧንቧ መክፈቻ ሩብ ዙር ዞሮ መንገዱን ይለውጣል። በጣት የሚጫነው ማንኪያ የመሰለ ምላስ ነው፤ በአሮጌዎቹ ላይ ምላሱን የሚመልሰው እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ፣ በትንሽ ከበሮ መሰል ቤት ውስጥ የተደበቀ ሞላ ነው። ፒስተን በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በኋላም በአሜሪካ ሲለመድ፣ ሮታሪ በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በቦሄሚያና ከዚያ ምሥራቅ ባሉ አገሮች ተስፋፋ። እንግዲህ ቫልቩ ዘመንን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫንም ይጠቁማል።

ሌላም አንድ ምልክት ልጨምር። ከቫልቮቹ ጀርባ ትናንሽ ተጨማሪ ዙሮች ተለጥፈው ካያችሁ፣ ያ የእንግሊዙ ዴቪድ ብሌይክሊ በ1874 ያወጣው ዘዴ ነው። ሁለት ሦስት ቫልቭ አንድ ላይ ሲጫን ተጨማሪው ርዝመት ስለሚያንስ ድምፁ ሽቅብ ይሸሻል፤ ትናንሾቹ ዙሮች ያንን ጉድለት ይሞላሉ። እንዲህ ያለውን ስታዩ የእንግሊዝ ሥራ ነው ብላችሁ ብትጠረጥሩ ከሞላ ጎደል ልክ ናችሁ።

የእኛው ባለ ሦስት ሮታሪ ነው፤ ባለ ሰዓት ሞላ።

ርዝመቱ ቢ ፍላት ቢለንም በዚያ ርዝመት የሚኖሩ ወንድማማቾች ብዙ ናቸው። የሚለያቸው ውፍረት ነው። ቱቦው እኩል ውፍረቱን ይዞ ረጅም መንገድ ሄዶ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚከፈት ከሆነ የትራምፔትና የትሮምቦን ጠባይ ነው፤ ድምፁ ስለታም ይሆናል። ከመነሻው ጀምሮ እንደ ላም ቀንድ ቀስ በቀስ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ የፍሉግልሆርን፣ የዩፎኒየምና የቱባ ጠባይ ነው፤ ድምፁ ለስላሳና ክብ። የልብስ ሰፊ ሜትሩን በቱቦው ዙሪያ ከቫልቮቹ በፊት፣ ወዲያው ከቫልቮቹ በኋላ፣ ከዚያም በየስንዝሩ እየጠቀለላችሁ ጻፉ። ቁጥሮቹ ራሳቸው ቀንዱን ይስሉላችኋል።

የስም መደባለቅም አለ፤ ብዙዎችን የሚያሳስተው እሱ ነው። በ2.7 ሜትር ርዝመት ላይ ጀርመኖች ጠበብ ያለውን ቴነርሆርን፣ ሰፋ ያለውን ባሪቶን ይላሉ። እንግሊዞች ጠባቡን ባሪቶን፣ ሰፊውን ዩፎኒየም ይላሉ፤ ቴነር ሆርን የሚለውን ስም ደግሞ ለባለ 2 ሜትሩ ኢ ፍላት ሰጥተውታል፤ አሜሪካኖች ያንኑ አልቶ ይሉታል። በፓሪስ ይሠራ የነበረው ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ ደግሞ በ1840ዎቹ ከትንሹ እስከ ትልቁ ያሉትን ሁሉ በአንድ ቤተሰብ አሰልፎ ሳክስሆርን አላቸው፤ ተፎካካሪዎቹም ፈጠራው የእሱ አይደለም ብለው ፍርድ ቤት ገተሩት። ስለዚህ ስም ስትሰጡ በየትኛው አገር አጠራር እንደሆነ ጨምሩበት፤ ያለዚያ ሁለት ሰዎች ልክ ሆነው ይጣላሉ።

እጅም ይጠየቃል። እንደ እንጀራ ክብ ተጠምዝዞ ሰፊ አፉ ወደ ኋላ የሚያይ ከሆነ ቫልቮቹ ለየትኛው እጅ እንደተሠሩ ተመልከቱ። ለግራ ከሆነ ፈረንች ሆርን፣ ለቀኝ ከሆነ ሜሎፎን የመሆኑ ነገር ያመዝናል፤ ሜሎፎኑ መልኩ ቢመሳሰልም ቱቦው የሆርኑን ግማሽ ያህል ነው። ይህ ለአሮጌ ፎቶግራፍም ይሠራል። ባንዱ ተሰልፎ የተነሣው ፎቶ ቤት ውስጥ ካለ በማጉያ መስተዋት እጅ እጃቸውን እዩ።

አሁን የቅኝቱን ነገር። ስልኩ ቢ ፍላት ካለ በኋላ መርፌው የት ቆመ? ዛሬ ዓለም የሚቃኝበት ኤ በሰከንድ 440 ንዝረት ነው፤ በዚህ ላይ ዓለም አቀፍ ስምምነት የተደረሰው በ1939 ለንደን ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አገር የራሱ ነበረው። ፈረንሳይ በ1859 በመንግሥት ውሳኔ 435 አድርጋዋለች። የእንግሊዝ የናስ ባንዶች ግን እስከ 1960ዎቹ ድረስ 452 ገደማ ላይ ቆይተዋል፤ ይህ ከዛሬው በግማሽ ቶን ግማሽ ያህል ይበልጣል። እና አንድ አሮጌ ጥሩምባ ተሳቢ ቱቦው እስከ መጨረሻ ቢወጣ እንኳ ከሌሎች ጋር አልገጥም ካለ ተበላሽቷል አትበሉ፤ የተሠራበት ዘመን ቅኝት ሌላ ሊሆን ይችላል። ሰው በመጋዝ ቆርጦ ወይም ቁራጭ ቱቦ ጨምሮ ሊያስማማው ሞክሮ ከሆነም ጠባሳው ይታያል። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቅኝቱ ይዛባል የሚል ወሬ ከሙዚቀኞች ሰምቼ አውቃለሁ። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በአየሩ ሙቀት እንጂ በመሳሳቱ አይደለም። የሐምሌ ጠዋት ብርድ ግን ያዛባል፤ 10 ዲግሪ ልዩነት የግማሽ ቶንን ሲሶ ያህል ያወርዳል። መሣሪያው በትንፋሽ እስኪሞቅ ጠብቃችሁ ለኩ።

የጎረቤቴ ጥሩምባ ሲሞቅ ተሳቢ ቱቦው በጣት ያህል ወጥቶ 440 ላይ ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ ባትሪውን አነሣን። ክፍሉን አጨልማችሁ ብርሃኑን ከጎን በአግድም ስታበሩበት በቀን የማይታየው ጭረት ሁሉ ይነሣል። በሰፊው አፍ ርዝመት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካያችሁ በእጅ የተሠራበት ስፌት ነው፤ ሠራተኛው የናሱን ቅጠል ቆርጦ፣ ጠቅልሎ፣ ጫፎቹን በይዶ፣ በመዶሻ አስፍቶታል። በድሮዎቹ ላይ መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተያያዘ ሆኖ ይታያል። ማግኔቱን በጠርዙ ዙሪያ አስኪዱት፤ ናስ ማግኔት አይዝም፣ ግን ጠርዙ የታጠፈው በብረት ሽቦ ላይ ከሆነ ይለጠፋል። ቱቦው ራሱ ማግኔት ከያዘ ጥሩምባው ናስ አይደለም፤ የተለበጠ ብረት ነው። ሮዝ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ካያችሁ ደግሞ ዚንኩ ወጥቶ መዳቡ ብቻ የቀረበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ በጣት እንኳ አትጫኑት።

ስሱን ወረቀት በሰፊው አፍ ላይ አድርገን በእርሳስ ጎን ቀስ ብለን አሸነው። ፊደል አልወጣም። የወጣው የአንድ ሞላላ ጋሻ ቅርጽ ነው፤ የቆርቆሮ ብየዳ ቅሪት። ስሙ ለካ አልተቀረጸም፤ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ተበይዶ ነበር፤ ሰሌዳው ወድቋል። በቫልቮቹ ላይ 1፣ 2፣ 3 እና አንድ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ። ጎረቤቴ ቁጥሩን ስታይ ዓመተ ምሕረት መስሏት ደስ አላት። አይደለም። ሠራተኞች አንዱ ቫልቭ ከሌላው ቤት እንዳይገባባቸው የሚመቱት ማዛመጃ ነው።

ሰሌዳ ተበይዶበት የነበረ መሆኑ ሌላ ታሪክ ይከፍታል። በጀርመን ሳክሶኒ ውስጥ ማርክኖይኪርሸን፣ ከተራራው ማዶ ቦሄሚያ ውስጥ ደግሞ ግራስሊትስ የሚባሉ ከተሞች አሉ፤ ሁለተኛው ዛሬ ክራስሊትሰ ተብሎ በቼክ ሪፐብሊክ ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ እነዚህ ከተሞች የዓለም የሙዚቃ መሣሪያ ወርክሾፕ ነበሩ። አንዱ ቤት ሰፊ አፍ ብቻ፣ አንዱ ቫልቭ ብቻ ይሠራል፤ ሌላው ይገጥማል፤ ነጋዴው ሰብስቦ ወደ ውጭ ይልካል። ስሙን የሚጽፍበት ብዙ ጊዜ ሻጩ ነው፤ ሳይጻፍበት የቀረም ብዙ ነው። ስለዚህ ስም አልባ መሆን የርካሽነት ወይም የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ከአንድ በላይ እጅ የሠራው ዕቃ ለማን ስም ይሰጠው? ዛሬ ለጌጥ የሚሸጡት፣ ቫልቫቸው የሚንቀጠቀጥና ብየዳቸው የሚንጠባጠብ ጥሩምባዎች ግን ሌላ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ቫልቩን ስትጫኑ ጣታችሁ ይለየዋል።

እና የምኒልክ ጊዜ ነው የሚለውስ? ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የናስ መሣሪያዎች ለአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት መምጣታቸው የታወቀ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ እኛ አርባ ልጆች የምንላቸው፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ። ከዚያም ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ ሠራዊት የየራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። ጥሩምባ ወደ ኢትዮጵያ የገባበት በር አንድ አይደለም። የሮታሪ ጥሩምባ በሁሉም በሮች ሊገባ ይችላል። ለጎረቤቴ የነገርኳት ይህንኑ ነው፤ ብረቱ የምኒልክ አይደለም ብሎ አይከራከርም፣ ነው ብሎም አይመሰክርም። ለዚያ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የንብረት ቁጥር ወይም የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ትንሽ አዘነች። እኔ ግን በውሸት የከበረ ጥሩምባ ከምናይ እውነቱ የታወቀ ቢኖረን ይሻለኛል፤ አያት ያልነበረውን ማዕርግ ስንሰጠው የነበረው ሥራ ይረሳል።

የካርቶን ቁራጭ ላይ እንዲህ ጻፍን፦ «ቴነርሆርን በጀርመን አጠራር፤ ቢ ፍላት፤ 2.7 ሜትር፤ 3 ሮታሪ ቫልቭ፤ የሰዓት ሞላ፤ ሰፊ አፉ የእጅ ስፌት አለው፤ የሠሪው ወይም የሻጩ ሰሌዳ ወድቋል፤ የሳክሶኒ ወይም የቦሄሚያ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።» በክር አሰርንበት። ውስጡን ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና አጥበን፣ የደረቀውን ተሳቢ ቱቦ ሳናስገድድ ዘይት ጠብ አድርገንበት፣ ውጪውን ሳንወለውል ተውነው።

ማታ ወደ ቤታቸው ስወስደው እናቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ካርቶኑን አነበብኩላቸው። ቴነርሆርን ምን ሥራ እንዳለው ጠየቁኝ። ዜማውን ትራምፔቶቹና ኮርኔቶቹ ሲመሩ እሱ ከሥር ሆኖ መልስ የሚሰጥ፣ በዘፈን ቢሆን ተቀባዩ ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። ጥሩምባውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ።

«ለዚህ ነዋ» አሉ ቆይተው። «ቤት ሲለማመድ ሁልጊዜ እየነፋ ያቆማል፣ ይቆጥራል፣ እንደገና ይነፋል። ምን ዘፈን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ከሌሎቹ ጋር ሲሆን ታውቂዋለሽ ይለኝ ነበር።»

ጎረቤቴ ካርቶኑን ገለበጠችና ያሉትን ከጀርባው ጻፈችው።